ሦስተኛዋ ታነክሳለች

ሥራዬ ቤተ መጻሕፍት ነው፣ ከማተሚያው አጠገብ፤
ከሰው ፊት ይልቅ የሰው ወረቀት የማነብ።
ሄንሪካንም ያወቅኋት እንዲሁ ነው፣ በወረቀቷ፤
የሽመና መኪና ጠጋኝ፣ ሠላሳ አንድ ዓመቷ።
ፋብሪካው ተሸጦ የጫማ መደብር ሲሆን
መፍቻዎቿን በካልሲ ጠቅልላ ወጣች፣ በዝናብ ቀን።

ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች፣ አምስት ቅጂ ታዛለች፤
እኔ ሳትም እሷ ቆማ ትራሙን ታያለች።
ስድስት መስመር የነበረው የሥራ ልምዷ
ወር በገባ ቁጥር ረዘመ፣ ሳይረዝም መንገዷ።
«በቡድን መሥራት እወዳለሁ» የሚል ተጨመረ፣
«ተነሳሽነት አለኝ» የሚል ከሥሩ ሰፈረ፣
ፎቶዋ ተቀየረ፣ ፀጉሯ ተቀባ፣
የተወለደችበት ዘመንም ጠፋ፤ የት ገባ?
ስልሳ አንድ ደብዳቤ። መልስ የመጣው ለአራቱ፤
«እናመሰግናለን» ይላል የሁሉም አንደበቱ።
«ፊደሉን ብናሳድገው?» አልኳት፤ ሌላ ምክር አላገኘሁም።
ሳቀች። አሥራ አራት አደረግነው። ምንም አልሆነልንም።

ከዚያ ማክሰኞ መጣ፤ እሷ ግን አልመጣችም።
ሁለት ማክሰኞ። ሦስት። ወረቀት አላዘዘችም።
በቃት ብዬ ደመደምኩ፤ ሰው እንዲህ ነው፤
ያላየውን ሁሉ ቶሎ የሚቀብረው።

መጋቢት ላይ፣ በረዶው ወደ ጭቃ ሲዞር፣
አየኋት፣ አንድ አሮጌ ግቢ በር ሥር፤
ዓይኗን ጨፍናለች፣ ጆሮዋን ለግንቡ ሰጥታ።
አመማት ብዬ ሮጥኩ። «ዝም በል» አለች፣ በዝግታ።
«ይሰማሃል?»
የሰማሁት የእርግብ ክንፍ፣ የሩቅ ትራም፣
የሚንጠባጠብ ጣራ። ሌላ ምንም።
«አራት የስፌት መኪና አለ፤ ሦስቱ ደህና ይራመዳሉ፤
ሦስተኛዋ ታነክሳለች። ለምደዋታል፤ መቼ ይሰማሉ?»

ዉች የከተማችን ስም ነው፤ ጀልባ ማለት ነው ትርጉሙ፤
እንግዳ ሁሉ ይጠይቃል፣ ወንዙ የታል፣ ምንድን ነው ስሙ?
ወንዞቻችን በቱቦ ገብተው ከአስፋልቱ ሥር አሉ፤
አይታዩም እንጂ ይፈሳሉ።
«ማስታወቂያ የወጣውን አንብቤ ጨረስኩት» አለችኝ፤
«አሁን ያልወጣውን ነው የማዳምጥ፤ እንዳታሳብደኝ»።

አንኳኳች። የከፈተው ወጣት ስሙ ሴቬሪን፣
ፀጉሩ ላይ የፍራሽ ስፖንጅ፣ የደከመው ዓይን።
«ሥራ የለም» አለ ሳትናገር፤ አፉ ለምዶታል።
«ሥራ መች ጠየቅሁ? ሦስተኛዋ ክሯ ይበጠሳል፤
ከገና ወዲህ ነው፣ አይደል?» ዝም አለ። በሩን ገፋ፣
ለመዝጋት ግን አልነበረም፤ እንድትገባ ሰፋ።

አርባ ደቂቃ። አንድ የላላ ብሎን፣ የተዛባ መንጠቆ።
ሃምሳ ዝሎቲ ሰጣት፣ ከኪሱ ሳንቲም አሟጥቆ።
ቋሚ ሥራ? የለም። ሐሙስ ሐሙስ ብቻ፣
ሐሙስም ከምሳ በኋላ፣ ከነራሷ መፍቻ።
ከዚያ አንዲት የሙሽራ ቀሚስ ሰፊ፣
ከዚያ የውሻ ቀበቶ የሚሠራ፣ ለፍላፊ፤
በሌላው ግቢ ግን «ሌባ» አሏት፣ «ፖሊስ ይጠራ»፤
ጆሮዋን ከግንቡ ነቅላ ሄደች፣ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ፣ ሳትጣራ።
ይህን ስትነግረኝ አልሳቀችም።
ቤቷ ሄዳ ሁለት ቀን አልወጣችም።

ትናንት ማክሰኞ ነበር። መጣች። «ሃያ ቅጂ» አለች።
የመዳፍ ግማሽ በምታህል ካርድ ላይ በእርሳስ ጽፋለች፤
«የሚያነክስ መኪና እሰማለሁ። ሄንሪካ።» ከሥሩ ስልክ።
«ሠላሳ አንዱ ዓመትስ?» አልኳት፤ «የት ሄደ ያ ሁሉ ታሪክ?»
«ካርዱ ላይ አይገባም።»
«ፊደሉስ? አሥራ አራት?»
«ስምንት ይበቃል» አለች፤ «ሲጠጉ ነው የሚነበብ፣ በትዕግሥት።»

ማተሚያው ሃያውን ሲተፋ አንገቷን ዘንበል አደረገች፤
«ስንት ጊዜው ነው እንዲህ ሲያስል?» ብላ ጠየቀች።

ሰባት ዓመት ሙሉ ከጎኑ ተቀምጫለሁ፤
ሳሉን ትናንት ሰማሁ።